የልብስ ማድረቂያ ማሽን ፓነል ሲያስቸግር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ክረምት ሲገባ ስልኬ አያርፍም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ልብስ ገመድ ላይ ሦስት ቀን ውሎ አድሮ አልደርቅ ሲል፣ ማድረቂያ ማሽን ያለው ሰው ሁሉ ማሽኑን ያስታውሳል። ይሰካዋል፣ በተኑን ይጫናል፣ ፓነሉ ግን ዝም።

ሥራዬ የቤት ውስጥ ዕቃዎችን መጠገን ነው። ከፒያሳና አራት ኪሎ እስከ ካዛንቺስና ሜክሲኮ ቤት ለቤት እሄዳለሁ። የሚደውልልኝ ሰው መጀመሪያ የሚለኝ «ቦርዱ ተቃጥሏል መሰለኝ» ነው። ሄጄ ሳየው ብዙ ጊዜ ቦርዱ፣ ማለትም ማሽኑን የሚያዝዘው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ደህና ነው። ችግሩ ሶኬቱ ላይ፣ በሩ ላይ፣ ወይም ሳይታወቅ የተነካ አንድ በተን ላይ ይገኛል። ሰው ላልተበላሸ ቦርድ ገንዘብ ሲያወጣ ማየት ያናድደኛል። ስለዚህ በየቤቱ የምጠየቀውን እዚህ ሰብስቤ መልሻለሁ።

የእኔ ማሽን ሁለት ገንዳ አለው። በስተቀኝ ያለው ማድረቂያ ነው ተብያለሁ። ይህ ጽሑፍ ለእኔ ይሆናል?

አይሆንም። እሱ ልብሱን በፍጥነት አሽከርክሮ ውሃውን ይጨምቃል እንጂ በሙቀት አያደርቅም። ሰዓት ቆጣሪውም በእጅ የሚዞር ስለሆነ ቦርድ የለውም። እዚህ የማወራው በሙቅ አየር ስለሚያደርቀው ማሽን ነው።

ፓነሉ ጨርሶ አይበራም። ከየት ልጀምር?

ከሶኬቱ። ማሽኑን ይንቀሉና በዚያው ሶኬት ላይ ሌላ ዕቃ ይሰኩ። የስልክ ቻርጀር አይበቃም፤ የላላ ሶኬትም ስልክ ቻርጅ ያደርጋል። የውሃ ማፍያ ወይም ካውያ ይሰኩበት። እሱም ካልሠራ ወይም ሶኬቱ ከተንጣጣ ማሽኑን ይተዉትና የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይጥሩ። ብሬከሩም ወርዶ እንደሆነ ይዩ።

ቀጥሎ ስፒናውን ይመልከቱ። ከዱባይ የመጣ ማሽን አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው የእንግሊዝ ስፒና አለው። በዚህ ስፒና ሆድ ውስጥ 13 አምፔር የሚል ትንሽ ፊዩዝ አለ። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ፊዩዙ ሲቃጠል ማሽኑ የሞተ ይመስላል። መፍትሔው ያንን አንድ ፊዩዝ መቀየር ብቻ ነው። ደግሞ ከተቃጠለ ግን ማሽኑ ውስጥ ምክንያት አለና ሦስተኛ አይሞክሩ።

አዳፕተርም ጉድ ይሠራል። 2500 ዋት የሚወስድ ማድረቂያ በ220 ቮልት ከ11 አምፔር በላይ ይስባል። ከመንገድ ዳር የሚገዛው ትንሽ አዳፕተር ይህን አይችልም። ይግላል፣ ይቀልጣል፣ ውስጡ ይላላል። ዲቫይደርም እንዲሁ። ማድረቂያ ዲቫይደር ላይ አይሰካም። ግድግዳው ላይ ቀጥታ ይሰኩት፤ ስፒናው የማይገባ ከሆነ ወፍራሙን የአገራችንን ስፒና ያስቀይሩለት።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ማሽኑን ነቅለው 10 ደቂቃ ይተዉት። ቦርዱ ላይ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል፣ የተደናገረው ፕሮግራምም ከዜሮ ይጀምራል። ሲሰኩት ከተነሣ ደህና። ካልተነሣ ውስጡ መታየት አለበት።

መብራቱ በርቷል፣ በተኖቹ ግን አይታዘዙም።

ዘጠኝ ጊዜ ከአሥር የልጆች ሎክ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ፓነሉ ላይ ትንሽ የቁልፍ ወይም የሕፃን ፊት ምልክት ይፈልጉ። እሱ ያለበትን በተን ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ተጭነው ይያዙ። አንዳንዱ ማሽን ሁለት በተን አንድ ላይ እንዲያዝ ይፈልጋል፤ ሁለቱን የሚያያይዝ መስመር ፓነሉ ላይ ይታያል። ማሽኑን ማጥፋትና መንቀል ሎኩን ሁልጊዜ አይፈታም። ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

ካዛንቺስ አንድ ቤት የሄድኩበትን ልንገራችሁ። አንዲት እናት ናቸው። ከእኔ በፊት የመጣ ጠጋኝ «ቦርድ ይቀየር» ብሏቸው ብር ማጠራቀም ጀምረዋል። የልጅ ልጃቸው ሎኩን ነክቶት ነበር። ጣቴን ጫንኩ፣ ጢጥ አለ፣ ተከፈተ። እማማ መረቁኝ። እኔ ግን ደረጃውን ስወርድ ስለዚያ ብር ማሰቤን አልተውኩም። ባይደውሉልኝ ኖሮ ሊወጣ ነበር።

ሎክ ካልሆነ ጣትዎ እርጥብ እንደሆነ ይዩ። የሚነካ ፓነል እርጥብ ጣትና ሳሙና የነካው መስታወት ላይ ይደናገራል። በደረቅ ጨርቅ ጠርገው ይሞክሩት።

ፕሮግራም እመርጣለሁ፣ «ጀምር» እጫናለሁ፣ ግን አይዞርም።

በሩን አንዴ ከፍተው ጠበቅ አድርገው ይዝጉት፤ «ቋ» ማለት አለበት። በሩ ላይ ያለው ማብሪያ ካልተጫነ ፓነሉ ማሽኑን አያስነሣም። ብዙ ጊዜ የካልሲ ጫፍ ወይም የልብስ ብናኝ በመዝጊያው ጉድጓድ ይገባል። ውስጡ መብራት ያለው ማሽን ከሆነ ደግሞ በሩ ተዘግቶም መብራቱ ካልጠፋ ጥርጣሬው ማብሪያው ላይ ነው። ማብሪያው ከቦርድ ጋር የማይወዳደር ርካሽ ዕቃ ነው።

ከዚያ የውሃ መያዣውን ይዩ። በከተማችን አፓርታማዎች ውስጥ የማያቸው አብዛኞቹ ማድረቂያዎች ቱቦ ወደ ውጭ የሌላቸው፣ ከልብሱ የወጣውን ውሃ በመሳቢያ የሚያጠራቅሙ ናቸው። መሳቢያው ሲሞላ ወይም በደንብ ሳይገፋ ሲቀር ማሽኑ ይቆማል። ፓነሉ ላይ የጠብታ ምልክት ይበራል። መሳቢያውን ደፍቶ መመለስ ነው።

ሌላው የማዘግያ ሰዓት ነው። ፓነሉ ላይ ሰዓቱ እየቆጠረ ከበሮው ካልዞረ ማሽኑ «ከሦስት ሰዓት በኋላ እጀምራለሁ» እያለ ይሆናል። ፕሮግራሙን ሰርዘው እንደገና ይምረጡ። ከሱቅ ማሳያ ላይ ተነሥቶ የተሸጠ ማሽን ከሆነ ደግሞ በማሳያ ሞድ ላይ ቀርቶ ይሆናል። መብራቱ ሁሉ ያምራል፣ ሙቀት ግን የለም። አወጣጡ መመሪያው ላይ አለ።

ሞተሩ እየጮኸ ከበሮው ካልዞረ ፓነሉን አይውቀሱ። እሱ ሥራውን ሠርቷል። ቺንጊያው ተበጥሶ ወይም ለሞተሩ መነሻ ጉልበት የሚሰጠው ካፓሲተር ደክሞ ይሆናል። ማሽኑን ነቅለው ከበሮውን በእጅዎ ያዙሩት። ያለ ምንም ክብደት ቀልሎ ከዞረ ቺንጊያው ነው።

ፓነሉ ላይ ፊደልና ቁጥር ይወጣል። ምን ማለት ነው?

ማሽኑ እየነገረዎት ነው። ከመንቀልዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። ሰዎች ደንግጠው ይነቅሉታል፣ ምልክቱ ይጠፋል፣ እኔ ስመጣ የምሠራበት ፍንጭ አይኖርም።

ትርጉሙ እንደ ማሽኑ ስሪት ይለያያል። ብዙ ሳምሰንግና ኤልጂ ማድረቂያዎች ላይ ዲ እና ኢ ጎን ለጎን ሲወጡ የበር ጉዳይ ነው። ቲ እና ኢ ከሆነ የሙቀት ሴንሰር። ኤልጂ ላይ ሲ እና ኤል የልጆች ሎክ ነው። ሳምሰንግ ላይ ቢ እና ኢ አንድ በተን ተጣብቆ መቅረቱን ይናገራል። ፒ እና ኤፍ በኤልጂም በዊርልፑልም ኤሌክትሪክ ተቋርጦ ነበር ማለት ነው፤ ስለዚህ በእኛ ከተማ ይህን ሲያዩ ልብዎ አይምታ። ሌላ ስሪት ካለዎት የሞዴሉን ቁጥር በሩን ሲከፍቱ ጠርዙ ላይ ያገኙታል፤ በእሱ መመሪያውን ይፈልጉ።

የሙቀት ሴንሰር ምልክት የቦርድ ሞት አይደለም። ሴንሰሩ ትንሽ ዕቃ ነው። ብዙዎቹ በ25 ዲግሪ ሙቀት ወደ 10 ኪሎ ኦም ያሳያሉ፣ ሲሞቁ ይቀንሳሉ። ጠጋኙ መልቲሜትር ካለው በሁለት ደቂቃ ይለካዋል። ሳይለካ «ቦርድ ነው» ካለዎት ቢያንስ ለምን እንዳለ ይጠይቁት።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ፓነሉ ሞተ። ለምን?

እኔ ጋ ከሚመጡት እውነተኛ የቦርድ ብልሽቶች አብዛኞቹ ታሪካቸው ይህ ነው።

መብራት ሲመጣ የሰፈሩ ፍሪጅ፣ ምጣድና ፓምፕ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነሣል። ቮልቴጁ ይወዛወዛል፤ ለቅጽበት ከ220 በጣም ዘልሎ ሊወጣ ይችላል። ሞተርና ማሞቂያ ይህን ይችሉታል። ፓነሉን የሚያበራው ቦርድ ግን በጥቂት ቮልት የሚሠራ ስስ ነገር ነው።

አምራቾቹ ይህን ስለሚያውቁ ቦርዱ መግቢያ ላይ ዘበኛ አቁመዋል። ቫሪስተር ይባላል። እንደ ሳንቲም ክብና ጠፍጣፋ፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ነው። ኃይለኛ ቮልቴጅ ሲመጣ ራሱን መሥዋዕት ያደርጋል፣ አጠገቡ ያለው ፊዩዝ ይበጠሳል፣ የቀረው ቦርድ ይተርፋል። ቫሪስተሩ ተሰንጥቆ ወይም ጠቁሮ በዓይን ይታያል። ሁለቱን ቀይሮ መበየድ የሚያውቅ ባለሙያ ብዙ ቦርዶችን ከሞት ይመልሳል። ዕቃዎቹ መርካቶ ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫ ከሚሸጡ ሱቆች ይገኛሉ፣ ዋጋቸውም ከሙሉ ቦርድ ጋር አይወዳደርም። «ቦርዱ ተቃጥሏል፣ ይጣል» ሲባሉ መጀመሪያ ቫሪስተሩንና ፊዩዙን አይተው እንደሆነ ይጠይቁ። አደራ፣ ቫሪስተሩን አውጥቶ ሳይተካ ፊዩዙን ብቻ የሚቀይር ሰው አይቀበሉ። ማሽኑ ይነሣል፤ በሚቀጥለው መወዛወዝ ግን ዘበኛ የለውም።

መብራት ሲሄድ ማሽኑን ይንቀሉ። ሲመጣ 10 ደቂቃ ጠብቀው ይሰኩ። ሂት ፓምፕ የሚባለው ዓይነት እንደ ፍሪጅ ኮምፕሬሰር ስላለው ወዲያው ማስነሣት ለሱም አይበጅም። ሕንፃችሁ ጀነሬተር ካለው ደግሞ ማድረቂያውን በጀነሬተር ጊዜ አይክፈቱ። መቀያየሩ ራሱ ቦርድ ይመታል።

ስታቢላይዘር ልግዛ?

ማታ ማታ አምፖሉ የሚደበዝዝበት ሰፈር ከሆነ አዎ። ግን መጠኑ። ለቴሌቪዥን የተገዛውን 1000 ቪኤ (ቪኤ የስታቢላይዘሩ አቅም መለኪያ ነው) ማድረቂያ ላይ መሰካት ስታቢላይዘሩንም ማሽኑንም ማጥፋት ነው። በማሞቂያ ለሚሠራው ዓይነት 5000 ቪኤ እመክራለሁ፤ ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥርና በእርግጥ የሚሸከመው ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ሂት ፓምፕ ግን 1000 ዋት ገደማ ወይም ከዚያ በታች ስለሚወስድ 3000 ቪኤ ይበቃዋል። መብራት ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚለቀውን ይምረጡ።

ቮልቴጁን ሲያስለኩ ማሽኑ እየሠራ ይለካ። ቆሞ 220 የሚያሳይ ሶኬት ማሞቂያው ሲነሣ 180 ሊወርድ ይችላል። ፓነሉ ብልጭ ድርግም የሚለውና መሐል ላይ የሚጠፋው ያኔ ነው።

ፓነሉን ስነካ ይነዝረኛል። አንዳንዴም ራሱን በራሱ ይጫናል።

የግራውንድ መስመር የለም ማለት ነው። ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ባሉ የቆዩ ቤቶች ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ ቢኖረውም ከጀርባው ሁለት ሽቦ ብቻ አገኛለሁ። ማሽኑ መግቢያው ላይ ያለው ማጣሪያ ትንሽ ኤሌክትሪክ ወደ ቆርቆሮው ያሳልፋል። ግራውንድ ካለ ወደ መሬት ይሄዳል። ከሌለ ቆርቆሮው ላይ ቆይቶ እርስዎን ይጠብቃል። የሚነካ ፓነልም በዚሁ ምክንያት ይቃዣል።

ንዝረቱ ትንሽ ነው ብለው አይለማመዱት። ውስጥ ሽቦ ተልጦ ቆርቆሮውን ነክቶም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱን በጣት መለየት አይቻልም። ማሽኑን ይንቀሉ፣ ግራውንድ ያስገቡ። በተለይ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከተቀመጠ ዛሬ ነገ አይበሉ።

ራሱን የሚጫነው እርጥበት ገብቶበትም ሊሆን ይችላል። ሻወር አጠገብ ያለ ማሽን እንፋሎቱን ይጠጣል። ነቅለው፣ ቦታ ቀይረው፣ አንድ ሁለት ቀን ይድረቅ።

በረሮ ፓነል ያበላሻል?

እንዴት አድርጎ! ቦርዱ ይሞቃል፣ ጨለማ ነው፣ ማንም አይነካውም። በረሮ ከዚህ የተሻለ ቤት የለውም። ኩሱና ሬሳው ሁለት መስመር ያገናኝና ቦርዱን ያሾርታል። ከፍቼ ስብስቡን ሳገኝ ባለቤቶቹ ያፍራሉ። አይፈር፤ ንጹሕ ቤትም ውስጥ ያጋጥማል።

ብዙ ጊዜ በአልኮልና በለስላሳ ብሩሽ ተጠርጎ ይነሣል። እርስዎ ግን ፍሊት ወደ ፓነሉ ክፍተት አይንፉ። ፍሊት ይቀጣጠላል፣ ፕላስቲኩንም ይበላል። የበረሮ ጄል በማሽኑ ዙሪያ ወለሉ ላይ ያድርጉ።

ሰዓቱ ከ40 ደቂቃ በድንገት ወደ 1 ይዘልላል። ልብሱም እርጥብ ነው።

ማሽኑ ሰዓቱን የሚገምተው ከበሮው አፍ አካባቢ ባሉ ሁለት የብረት ዘንጎች ነው። እርጥብ ልብስ ሲነካቸው ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። የልብስ ማለስለሻ በጊዜ ብዛት ስስ ሽፋን ያለብሳቸዋል። ያኔ ማሽኑ «ደርቋል» ብሎ ያምናል። ጥጥ በአቼቶ ነክረው ዘንጎቹን ይሹና በንጹሕ ጨርቅ ያድርቋቸው። ሁለትና ሦስት ልብስ ብቻ ከከተቱም እንዲህ ያደርጋል፤ ልብሱ ዘንጎቹን አይነካማ። ጋቢም አታላይ ነው። ተጠቅልሎ ላዩ ሲደርቅ ውስጡ ውሃ ይይዛል። መሐል ላይ አውጥተው አራግፈው ይመልሱት።

አጠፋሁት፣ ግን ሙቀቱ አልቆመም።

አሁኑኑ ይንቀሉት። ቦርዱ ላይ ማሞቂያውን የሚከፍትና የሚዘጋው ሪሌ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። በዚህ ገጽ ላይ ካለው ሁሉ አደገኛው ይህ ነው። የልብስ ብናኝ እንደ ገለባ ይነድዳል። የተቃጠለ ሽታ ከፓነሉ ከመጣም ያው ነው። «ይህቺን ዙር ይጨርስ» አይባልም። እስኪጠገን ድረስ በማንም እጅ እንዳይሰካ ስፒናው ላይ ፕላስተር ይለጥፉ።

እህቴ ከአሜሪካ ማድረቂያ ልትልክልኝ ነው። ትላክ?

ኧረ አትላክ። የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ማድረቂያ ማሞቂያው በ240 ቮልት፣ ሞተሩና ፓነሉ ግን በ120 ቮልት ነው የሚሠሩት። የእነሱ መስመር ሁለቱን በአንድ ስፒና ያመጣል። የእኛ 220 ብቻ ነው። ተሳስቶ ከተገናኘ ፓነሉ በመጀመሪያው ሰከንድ ይጨሳል። በትራንስፎርመር ቢስተካከልም የእነሱ 60 ኸርዝ፣ የእኛ 50 ኸርዝ ነው። ሞተሩ በ17 በመቶ ገደማ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ይግላል። በኮንቴይነር መጥቶ ቤት ውስጥ መደርደሪያ ሆኖ የቀረ ስንት አይቻለሁ። የእህትዎ ድካም ያሳዝናል። ገንዘቡን ትላክና እዚሁ 220 ቮልት 50 ኸርዝ የሚለውን ይግዙ።

ራሴ ልክፈተው?

ከላይ ያልኩትን ያለ ካቻቢቴ የሚደረገውን ሁሉ ያድርጉ። ከዚያ በላይ ሙያው ከሌለዎት ይቅርብዎት። ቦርዱ ላይ ያሉ ካፓሲተሮች ከተነቀለ በኋላም ቻርጅ ይይዛሉ። አዳዲስ ሂት ፓምፖች ውስጥ ያለው ጋዝ ደግሞ ፕሮፔን ሊሆን ይችላል፣ ይነድዳል።

ጠጋኙ «ቦርዱ መቀየር አለበት» አለኝ። እውነት መሆኑን እንዴት ልወቅ?

ምን እንደለካ ይጠይቁት። ቦርዱ ላይ 220 እየገባ፣ ወደ ፓነሉ የሚሄደው ትንሹ ቮልቴጅ ካልወጣ እውነቱን ነው። ሪባኑን፣ ማለትም ፓነሉንና ቦርዱን የሚያገናኘውን ጠፍጣፋ ገመድ፣ ነቅሎ መልሶ ሰክቶት እንደሆነም ይጠይቁ። ከጊዜ ብዛት ይላላል፤ ግማሹ በተን የሚሠራው ግማሹ የማይሠራው ብዙ ጊዜ በእሱ ነው።

አዲሱ ቦርድ አሮጌው ላይ ከተጻፈው ቁጥር ጋር አንድ መሆን አለበት። ሞዴሉ ተመሳሰለ ማለት አይበቃም። አሮጌውንም ይረከቡ። የእርስዎ ንብረት ነው፣ ነገ ለሌላ ጥገና ዕቃ ይወጣዋል።

ቦርዱ እስኪገኝ ልብሱ ከበሮው ውስጥ ነው። ምን ላድርግ?

አሁኑኑ ያውጡት። እርጥብ ልብስ በተዘጋ ከበሮ ውስጥ ቶሎ ይሸታል፣ እርጥበቱም ወደ ፓነሉ ይወጣል። ማጠቢያ ማሽን ካለዎት ብቻውን አንድ ዙር ያስጨምቁት። ከዚያ ነፋስ በሚገባበት መስኮት አጠገብ አራርቀው ይስቀሉት። የማድረቂያውንም በር ክፍት ይተዉት።